ማስተካከያ፦ ጁሊያ ጸጉሯን የተላጨችው ዮኮሃማ ላይ አይደለም

ስለ ስታርደም (የጃፓን የሴቶች ሬስሊንግ ድርጅት) የዮኮሃማ አሬና ትርኢት ቀደም ብሎ በወጣው ግምገማ «ታም ናካኖ ጁሊያን አሸንፋ ጸጉሯን አስላጨቻት» ተብሏል። ሁለት ግጥሚያ ተቀላቅሏል። የጸጉሩ ግጥሚያ፣ ማለትም የተሸነፈችው የምትላጭበት፣ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2021 ቶኪዮ፣ ኒፖን ቡዶካን ነው። ነጩ፣ ማለትም የስታርደም ሁለተኛው የሻምፒዮንነት ቀበቶም አብሮ ተይዞበት ነበር፤ ጁሊያ ተሸነፈችና እዚያው ሕዝብ ፊት ተላጨች። ያንን ያላየ ሰው የሁለቱ ቂም ከየት እንደመጣ በፍጹም አይገባውም፣ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ዮኮሃማ ላይ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 2023፣ የተፋለሙት ለቀዩ፣ ማለትም ለዋናው ቀበቶ ነው። ያሸነፈችው ግን ያው ታም ናት። በግምገማው የተሰጠው ነጥብ አይቀየርም፦ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል።

አንድ የተዘለለም አለ። በዚያው ምሽት ማዩ ኢዋታኒ መርሴዲስ ሞኔን አሸንፋ አይደብሊውጂፒ የሚባለውን (የኒው ጃፓን ፕሮ-ሬስሊንግ ድርጅት) የሴቶች ቀበቶ ወስዳለች። እሷን መዝለል ግፍ ነው።