እጃቸው ሲደክም «እርጅና ነው» ብለን አንለፈው

በብዙ ቤት ያለ ልማድ ነው። እናታችን ስልሳን ሻገር ስትል ሥራውን ከእጇ መቀበል እንጀምራለን። «እማዬ፣ ተይው እኔ አነሳዋለሁ» እንላለን። መጀመሪያ ጀሪካኑ ይወሰዳል። ቀጥሎ ሊጡ። ቆየት ብሎ ቡናውንም ልጅ እንዲያፈላው ይሆናል። አባታችንም መኮትኮቻውን ተቀብለነው በረንዳ ላይ ወንበር ይወጣለታል። የምናደርገው ከፍቅር ነው፤ አክብሮትም አለበት። ግን ብዙ ጊዜ እየጎዳናቸው ነው። ይህን እንዳምን ካደረጉኝ ነገሮች ዋናው አንድ በጣም ቀላል የጤና መለኪያ ነው፤ ሰው በእጁ የመጨበጥ ጉልበቱ።

መለኪያው ዳይናሞሜትር ይባላል። በብዙ አገር በኦኩፔሽናል ቴራፒ ክፍሎች የሚታወቀው ጃማር የተባለው ነው። ተመርማሪው ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ክንዱን ከጎኑ ያስጠጋል፤ ክርኑን 90 ዲግሪ ያጥፋል። ከዚያ መያዣውን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጨምቃል። ጠቋሚው የደረሰበት ከፍተኛ ቁጥር ላይ ይቆማል። ትንሽ አረፍ ብሎ ይደግመዋል፤ ሦስት ጊዜ። አማካዩ በኪሎ ይጻፋል። በቃ። ደም አይቀዳም፤ «ለውጤቱ ነገ ተመለሱ» የለም።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ለብዙዎቻችን አዲስ ስም ነው። ሰው በሕመም፣ በአደጋ ወይም በዕድሜ ምክንያት ያቃተውን የዕለት ሥራ እንደገና እንዲሠራ የሚያግዝ ሙያ ነው። ቁልፍ መቆለፍ፣ ገላ መታጠብ፣ ወጥ መሥራት፣ ወደ ቀድሞ ሥራ መመለስ። እኛ አገር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ትምህርቱን ጀምሯል፤ ባለሙያዎቹ ግን ገና ጥቂት ናቸው።

እጅ ስለ እጅ ብቻ ቢናገር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አለ። ፒዩር ይባላል። በ17 አገሮች ከ139 ሺህ በላይ ሰዎች ተለክተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 70። ለአራት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። የመጨበጥ ጉልበት በ5 ኪሎ በቀነሰ ቁጥር፣ በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድል ደግሞ በ17 በመቶ። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ሞትን በመጠቆም የእጅ ጉልበት ከላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ልቆ መገኘቱ ነው። ዛሬ በየጤና ጣቢያው፣ በየፋርማሲው ግፊት እንለካለን፤ ደግ አደረግን። እጃችንን ግን ማንም ጠይቆን አያውቅም።

እንዴት ሊሆን ይችላል? ለመጨበጥ አንጎል ያዛል፤ ነርቭ ያደርሳል፤ ጡንቻ ይኮማተራል፤ መገጣጠሚያ ይሸከማል። አንዱ ሲጓደል ቁጥሩ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ግን የእጅ ጡንቻ የተቀረውን ጡንቻ ሁኔታ ይናገራል። ጡንቻ ደግሞ ለማንሳትና ለመጣል ብቻ የተሠራ አይደለም። የሰውነት ጎተራ ነው። ሰው በሳምባ ምች ወይም በቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ሲውል፣ ሰውነቱ ቁስል የሚጠግንበትንና በሽታ የሚከላከልበትን ፕሮቲን ከጡንቻው ያወጣል። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ስኳር በብዛት የሚቀበለውም ጡንቻ ነው። ባዶ ጎተራ ይዞ የታመመ ሰው ለማገገም ይቸገራል።

አክስቴ ዘንድ ያየሁት ይኸው ነው። በሳምባ ምች ተኝታ ከሆስፒታል ወጣች። ሳሉ ተወ፤ ትኩሳቱ ጠፋ፤ «ተሽሎሻል» ተባለች። ከዚያ በኋላ ግን የጓሮውን ቧንቧ መዝጋት አቃታት። ጋቢ አጥባ ስትጨምቀው ውኃው ሳይወጣ እንዳለ ገመዱ ላይ ይሰቀል ነበር። «እጄ ከዳኝ» ትላለች። ስትወጣ እጇን የለካ፣ ምን ትበላለች ብሎ የጠየቀ፣ ስንት እርምጃ ትሄዳለች ያለ አልነበረም። እኛ ቤተሰቦቿ ደግሞ የባሰውን አደረግን። አስቀመጥናት። ምግቧን አልጋዋ ድረስ አመጣንላት። እያደር እግሯም እንደ እጇ ሆነ።

የድካሙን መጠን ለመለየት የሚያገለግሉ ቁጥሮች አሉ። በአውሮፓ ያሉ ባለሙያዎች የወንድ ከ27 ኪሎ፣ የሴት ከ16 ኪሎ በታች ከሆነ ሳርኮፔኒያን ይጠረጥራሉ። ሳርኮፔኒያ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የጡንቻ መመናመን ነው። እነዚህ ቁጥሮች ግን ከእኛ ሕዝብ ተለክተው የወጡ አይደሉም። በፒዩር ጥናት ከአፍሪካ የተካተቱት ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ናቸው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው አንድን ሰው ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። አምና 22 ኪሎ የጨበጠች እናት ዘንድሮ 17 ከሆነች፣ የአውሮፓው መስፈርት ምንም ይበል፣ የሆነ ነገር አለ። ያንን ለማወቅ ግን አምናም መለካት ነበረባት።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት እንዳይፈጠር እሰጋለሁ። ይህን ያነበበ ሰው ነገ የሚጨመቅ ኳስ ገዝቶ ለአባቱ ሊሰጥ ይችላል። ኳሱ ክፋት የለውም። ግን ቁጥሩ ጠቋሚ እንጂ በሽታው አይደለም። ቴርሞሜትሩን በማቀዝቀዝ ትኩሳት አይወርድም። ሰውዬው የሚያስፈልገው መላ አካሉ እንዲሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አረጋውያን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህ ጂም መግባት አይደለም። ሊጥ ማቡካት፣ ግማሽ ድረስ የተሞላ ጀሪካን መያዝ፣ ደረጃ መውጣት፣ ጓሮ መኮትኮት ጉልበት ይጠይቃሉ። ምግቡም ሊረሳ አይገባም። ለብቻቸው የሚበሉ አዛውንት ብዙ ጊዜ ሻይና ዳቦ በልተው ይውላሉ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ ከማዕዳቸው እንዳይጠፋ ማየት የኛ ፈንታ ነው።

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሰዎች አካሄድ የሚማርከኝ ለዚህ ነው። ሥራውን ከሰው አይወስዱም፤ ሥራውን ለሰው ያስተካክላሉ። ሙሉ ጀበና ከከበዳት ትንሽ ጀበና ይሰጣታል። የቢላው እጀታ ቀጭን ከሆነ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወፍራል። ቆማ መሥራት ካቃታት ዱካ ይቀርባል። ሥራው ግን የእሷ ሆኖ ይቀጥላል። ቡና ማፍላት ለእናቶቻችን ሥራ ብቻም አይደለም። ጎረቤት የሚጠራበት፣ ወሬ የሚሰማበት፣ ሰው የሚሆኑበት ሰዓት ነው። ያንን ወስደን ሶፋና ቴሌቪዥን መስጠት ውለታ አይመስለኝም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህን በተለይ አስቡበት። ልጅ ሊጠብቁ የመጡ ወላጆች ክረምቱን ሙሉ ቤት ተዘግተው ሲውሉ፣ ጉልበታቸው ሳይታወቅ ያልቃል።

ደካማ እጅ ሁሉ ደግሞ የመላ ሰውነት ጉዳይ አይደለም። አውራ ጣትና ቀጣዮቹ ጣቶች ሌሊት ሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ የእጅ አንጓ ነርቭ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ ያለው፣ ግን የመገጣጠሚያ ሕመም የሚከለክለውም አለ። በድንገት የአንድ ወገን እጅ ብቻ ከደከመ፣ ወይም አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ግን ልኬት አያስፈልገውም። ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጤና ጣቢያዎቻችን ለአረጋውያን ግፊት ሲለኩ እጅም ይለኩ፤ ቁጥሩም ካርዳቸው ላይ ይጻፍ። ሆስፒታሎች አዛውንት ታማሚን ሲያስወጡ የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ሰጥተው አይሸኙ፤ ጉልበቱ የት እንደደረሰ አይተው ፊዚዮቴራፒ ወይም ኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለበት ይላኩት።

መሣሪያው እስኪመጣ የግድ መጠበቅ የለብንም። እጅን ባይለካም ያንኑ ድካም የሚጠቁም ሌላ ፈተና አለ፤ የሚፈልገው ወንበርና ሰዓት ብቻ ነው። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉት፤ እናንተም ከጎን ቁሙ። እናታችሁ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ሳትደገፍ አምስት ጊዜ ቁጭ ብድግ ትበል። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባት፣ ወይም ጭራሽ ካቃታት፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ከግፊቷ ጋር ይህንንም ለሐኪሟ ንገሩ።