«ለቢ ቡድን ብለን ደርቢ እንዝጋ?»

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ጥር 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት የሆነውን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ስላልቻልኩ ነው። ቤቱንም ሆነ ሰዎቹን በስም አልጠራም። ብጠራቸው ነገሩ የእነሱ ብቻ ይመስላችኋል፣ እናንተም በሰላም ትተኛላችሁ።

ያን ቀን ማንችስተር ዩናይትድና ማንችስተር ሲቲ የአንድ ከተማ ክለቦች ግጥሚያቸውን፣ ደርቢ የምንለውን፣ ይጫወቱ ነበር። ቤቱ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በፊት ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ለአምስት ሰው በተሠራው አግዳሚ ላይ ሰባት ሆነን ተጠጋግተን ተቀምጠናል፣ ዘግይተው የመጡት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ትልቁ ስክሪን ከፊት ነው፤ ከኋላ ከለስላሳው ማቀዝቀዣ በላይ ደግሞ ለቆሙት የምትሆን ትንሽ ቴሌቪዥን አለች። ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ጨዋታ ነበር። በዚያው ከሰዓት በኋላ አልጀርስ ላይ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና፣ ቻን በምንለው ውድድር፣ የመጀመሪያውን የምድብ ጨዋታ ከሞዛምቢክ ጋር ያደርግ ነበር። በቤቱ ከነበረው ሰው ውስጥ ይህን ስንቱ ያውቅ እንደነበር መናገር አልችልም። እኔ ግን አውቅ ነበር።

ደርቢው እየተካሄደ ሳለ አንድ ሽማግሌ ገቡ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። በወጣትነታቸው የአንድ ፋብሪካ ቡድን ተጫዋች ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ዝግጅት ተጠርተው ሄደው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሳይገቡ ተመልሰዋል። በዚህ ምክንያት የሰፈራችን ልጆች «ተጠባባቂው» ይሏቸዋል፣ በፊታቸው ሳይሆን ዘወር ሲሉ። አንድ ቀን የዕድራችን ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ስለዚያ ጊዜ ጠይቄአቸው የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 18 ቁጥር ማልያቸውን ከመመለሳቸው በፊት አጥበውት ነበር። «ምን ቆሽሾ ነው ያጠቡት?» ብላቸው «አልቆሸሸም፤ ግን የአገር ልብስ ሳይታጠብ አይመለስም» አሉኝ።

ሽማግሌው እንደ ማንኛችንም የመግቢያቸውን ከፍለው ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ባለቤቱን፣ «ልጄ፣ ትልቁን አትንካው። ያቺን ትንሿን ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ጨዋታ አድርግልኝ፤ ድምፁን ዝጋው፣ እኔ በዓይኔ አያለሁ» አሉት። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ መቆጣጠሪያውን አንሥቶ ወደ ቆሙት ልጆች ተመለከተ። ከመካከላቸው አንዱ ዞር ብሎ፣ «ፋዘር፣ እሱ እኮ ቢ ቡድን ነው። ለቢ ቡድን ብለን ደርቢ እንዝጋ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሌላው ቀጠለና «ተጠባባቂ ተጠባባቂን ናፈቀ» ብሎ ጨመረበት፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ። አንድ ቆርኪ ከኋላ ተወርውሮ ከሽማግሌው እግር አጠገብ ወደቀ። መወርወሩ ለጨዋታ ይሁን ለንቀት ለመለየት አልሞከርኩም። እሳቸው ቆርኪውን ጎንበስ ብለው አንሥተው ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጡት፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፣ ወጡም። የከፈሉትን ገንዘብ ይመለስልኝ አላሉም።

እኔ ምን እያደረግኩ ነበር? የዩናይትድን ቀይ ማልያ ለብሼ ነበር። እስቅ ነበር።

ወገኖቼ፣ ከዚህ በኋላ የሆነው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ሲቲ በግሪሊሽ ጎል መርቶ ሳለ ብሩኖ ፈርናንዴዝ አቻ አደረገ፤ ቤቱም ለሁለት ተከፈለ። ራሽፎርድ ከጨዋታ ውጭ ነበር ወይስ አልነበረም? ኳሷን ሳይነካ አብሯት ሮጧል፣ ታዲያ መሮጡ በረኛውን አሳስቷል ወይስ አላሳሳተም? በሕጉ አንቀጽ፣ በዳኛው ዕድሜ ልክ የኋላ ታሪክ፣ በካሜራው አቅጣጫ ተከራከርን፤ ድምፃችን ተዘግቶ እስኪቀር ጮኸን። ቀጥሎ ራሽፎርድ ራሱ አስቆጥሮ ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። አንድ እንግሊዛዊ ኳስ ሳይነካ ስለ ሮጠበት መንገድ ያን ሁሉ ቃል የተናገርን ሰዎች፣ በዚያው ሰዓት የአገራችንን ማልያ ለብሰው ስለሚሮጡት አሥራ አንዱ ልጆች አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረንም። ስማቸውን እንኳ በቅጡ የሚጠራ አልተገኘም።

«ቢ ቡድን» ያላችሁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቻን በ2001 ዓ.ም. አይቮሪኮስት ላይ ሲጀመር ሕጉ አንድ ነበር፤ የሚሰለፈው በአገሩ ሊግ የሚጫወት ብቻ ነው። በአውሮፓ ክለቦች ብዙ ተጫዋች ላሏቸው አገሮች ይህ ሁለተኛ ቡድን ሊባል ይችላል። ለእኛስ? እኛ ወደ ውጭ የላክነው በጣት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ሌላው ዓለም ሁለተኛ የሚለው ቡድን ለእኛ ከሞላ ጎደል አንደኛው ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን በዳዋ ሆጤሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ሲያሸንፍ በየመንገዱ የጨፈርንለት ቡድን በአብዛኛው ከአገር ውስጥ ክለቦች የተሰባሰበ ነበር፤ አልጀርስ የሄደውን ቡድን የመራውም ያው አሠልጣኝ ውበቱ አባተ ነው። በሰባት ወር ውስጥ ምን ተለወጠና ቢ ሆኑ? (የሜዳ ባለቤት ሆነን ማላዊ ላይ የተጫወትነው የካፍን፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን እንደሆነ አትርሱ።) ፊፋ እንኳ ከ2006ቱ ውድድር ወዲህ የቻንን የፍጻሜ ውድድር ጨዋታዎች እንደ ሙሉ ብሔራዊ ጨዋታ ቆጥሮ ነጥብ ይሰጥባቸዋል። ዙሪክ ያሉት የፊፋ ሰዎች አንደኛ ብለው የመዘገቡትን እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ብለን ሳቅንበት።

ትሉኛላችሁ፤ ቡድኑ ደካማ ነው። ልክ ናችሁ፣ አልሸሽገውም። በ2006 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተሸንፈን አንድ ጎል ሳናገባ ተመለስን። በ2008 ሩዋንዳ ላይ ከካሜሩን ባዶ ለባዶ ወጣን እንጂ በዲሞክራቲክ ኮንጎና በአንጎላ ተረታን። በ2015ም ከሞዛምቢክ ጋር ባዶ ለባዶ፣ በአልጄሪያ 1 ለ 0፣ በሊቢያ 3 ለ 1። በሦስቱም ውድድር 9 ጨዋታ፣ ድል የለም፣ 2 ጎል። ይህን ታሪክ ያለ ኀፍረት ማንበብ አይቻልም። ነገር ግን ንገሩኝ፤ ከእነዚህ ዘጠኝ ጨዋታዎች ውስጥ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው የተመለከታችሁት ስንቱን ነው? ያላያችሁትን ቡድን «ደካማ» የምትሉት በወሬ ነው። ልጁን ፈተና ክፍል አድርሶ ተመልሶ የማይጠይቅ አባት ውጤቱ ሲወጣ ለመቆጣት ምን አፍ አለው?

ጎረቤቶቻችንን ተመልከቱ። በ1991 ዓ.ም. ክረምት ኪጋሊ የሴካፋን፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮችን፣ ዋንጫ ስታዘጋጅ ሩዋንዳ ሁለት ቡድን አሰለፈች፣ አንደኛውንና ሁለተኛውን። ዋንጫውን ያነሣው አንደኛው አይደለም፤ ሁለተኛው ነው፣ ኬንያን በፍጻሜው 3 ለ 1 አሸንፎ። ሩዋንዳ በሴካፋ ታሪኳ ያላት ብቸኛ ዋንጫ ያ ነው። እኛ አራት አለን፣ ስለዚህ በቁጥር እንበልጣለን። ነገር ግን ኪጋሊ ላይ ያ ቀን ሲታሰብ የሚታሰበው ተጠባባቂ የተባሉት ልጆች ናቸው፤ የእኛን ተጠባባቂዎች ማን ያስታውሳል?

ይህን ስል አንድ ነገር ይከነክነኛል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ስናነሣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፉትን እናውቃቸዋለን፤ ሉቻኖ ቫሳሎን፣ ኢታሎን፣ መንግሥቱ ወርቁን ልጆቻችንም በስም ይጠሯቸዋል። አብረዋቸው ሲሠለጥኑ ሰንብተው ሜዳ ያልገቡትንስ? ዘመኑ የዓለም ዋንጫ እንኳ ተቀያሪ የማይፈቅድበት ነበር፤ መቀየር በዓለም ዋንጫ የተፈቀደው ከስምንት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ተጠባባቂ መሆን ማለት ፊሽካው ሲነፋ ተስፋህ አብሮ እንደሚያበቃ እያወቅህ ከቋሚው እኩል መሮጥ ነበር። የሁለተኛው ቡድን ታሪክ ይህ ነው፤ ጻፉት ብንላቸው የሚጽፉት ነገር ጠፍቶ ሳይሆን ጠያቂ ጠፍቶ ያልተጻፈ።

ወንበር ላይ ለተቀመጠው ያለን ንቀት ደግሞ ዋጋ አስከፍሎናል። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋና ላይ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች አሰልፈን 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ፊፋ ውጤቱን ገልብጦ 3 ለ 0 አደረገብን። የዓለም ዋንጫ ተስፋችን በሦስት ነጥብ ሲናጋ ሁላችንም የወቀስነው ካርዱን ያልቆጠረውን ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ግን በዚያ ሰዓት ትጥቁን ለብሶ፣ ምንም ቅጣት ሳይኖርበት፣ ወንበር ላይ የነበረው ልጅ ነው። እሱን ቢያስገቡ ኖሮ ማንም ምንም አይለንም ነበር።

ቁጣዬ እዚህ ላይ ይደክማል፤ ምክንያቱም ወደ ማን እንደምወረውረው አውቃለሁ። ያን ቀን የሳቁትን ልጆች መውቀስ ይቀለኛል፤ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው፣ ከተወለዱ ጀምሮ በየግድግዳው ያዩት የሌላ አገር ሰው ፊት ነው። ፌዴሬሽኑን መውቀስም ይቀለኛል፣ እሱን ስንወቅስ ኖረናል። እኔ ግን ያን ማልያ ታሪክ ከሽማግሌው አፍ የሰማሁ ብቸኛ ሰው ነበርኩ በዚያ ቤት ውስጥ። «ተዉ፣ ትንሿን ክፈቱላቸው» ብል ዩናይትድ አይሸነፍም ነበር። ሁለት ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ ቢያንስ አለመሳቅ ነበር። ሳቄን ያየኝ የለም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬአለሁ። አይተውኛል። ባርኔጣቸውን ሲያጠልቁ ዓይን ለዓይን ተጋጭተናል፤ ከዚያ ወዲያ ቀይ ማልያውን ሁለት ጊዜ ብቻ ለብሼዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከቤት ሳልወጣ።

ጨዋታው ሲያልቅ እየጨፈርን ወጣን። ሽማግሌው ከዲኤስቲቪ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ባለሱቁ ራዲዮኑን ወደ መስኮቱ አቅርቦላቸዋል። ልለፋቸው አስቤ እግሬ እንቢ አለኝ። «እንዴት ሆነ ጋሼ?» አልኳቸው፣ ምን እንደምጠይቅ ጠፍቶኝ። «ዜሮ ለዜሮ ነው፤ አልተሸነፍንም» አሉኝ። «አልተሸነፍንም» ነው ያሉት። ቀይ ማልያዬን አየት አደረጉና «እናንተስ?» አሉ። «አሸነፍን» አልኳቸው። ያን ቃል ዛሬም አፌ ውስጥ ይመረኛል።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። እንግሊዝን ተዉ አላልኩም፤ እኔም አልተውኩትም፣ ዋሽቼ አልመክራችሁም። በዚያው ዲሽ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳችን ሊግ ይተላለፍ ነበር፣ እሱን ተመልከቱ ብዬም በየቤታችሁ አልዞርም። በ2013 ክረምት ባሕር ዳር ላይ የሴካፋ ከ23 ዓመት በታች ዋንጫ ተካሂዶ ታንዛኒያ ቡሩንዲን በመለያ ምት አሸንፋ መውሰዷን ስንቶቻችሁ እንደምታስታውሱ አልጠይቃችሁም። ለ2012 ተሰጥቶን የነበረው የቻን አዘጋጅነት ሳንዘጋጅ ቀርተን ለካሜሩን ሲሰጥ ስንቶቻችን እንደተቆጣንም አልመረምርም። የምጠይቃችሁ ያቺን ትንሿን ቴሌቪዥን ነው። ትልቁ ስክሪን የፈለጋችሁት ይሁን።

ባለፈው ሳምንት ወደ ባለቤቱ ሄጄ ይህንኑ አነጋገርኩት። ከታዳጊው እስከ ዋናው የትኛውም የኢትዮጵያ ቡድን ሲጫወት ትንሿን እንዲከፍትልን ጠየቅኩት። ጥያቄዬን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ አሥር ሰው አምጣልኝ፣ ትንሿን አይደለም ትልቁን እከፍትልሃለሁ» አለኝ። ተገቢ መልስ ነው፣ አልተቀየምኩም። ደብተር ይዤ በሰፈሩ መዞር ጀምሬአለሁ። ያን ቀን «ቢ ቡድን» ብሎ የተናገረው ልጅ ስሙን አስመዝግቧል፤ ከልቡ ይሁን ሊገላገለኝ አላወቅኩም፣ ግን አስመዝግቧል። ሽማግሌው ጋ የሄድኩት መጨረሻ ላይ ነው፣ ፈርቼ። ስማቸውን ስጽፍ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን አዩና፣ «ቦታ ከጠበበ እኔን ቁጠረኝና ወንበሩን ለልጆቹ ስጥ፤ ቆሜ ማየት ለምጃለሁ» አሉኝ።

እስካሁን አራት ነን።