ከሞተር ሳይክል ለወረደ ሰው ሙስታንግ አትምከሩ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ሐበሻ በሚከታተለው አንድ የዩቲዩብ የመኪና ፕሮግራም ላይ አንድ ሰው ደወለ። ለዓመታት ሞተር ሳይክል ሲነዳ ኖሯል። አሁን ልጅ ወልዷል፤ ባለቤቱም «በቃህ» ስላለችው ሸጦታል። ለቤተሰቡ ሌላ መኪና አለ። ለራሱ፣ ለቅዳሜና እሁድ፣ ጣሪያው የሚከፈት (ኮንቨርቲብል የሚባለው ዓይነት) ያገለገለ መኪና ይፈልጋል። 15,000 ዶላር አለው። የቱን ልግዛ ነው ጥያቄው።

አቅራቢው ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። «ሞተር የለመደ ሰው ደካማ መኪና ይሰለቸዋል። ሙስታንግ ጂቲ ግዛ፣ ቪ8፣ አውቶማቲክ። ሚያታ ምናምን የሚሉህን አትስማ፣ እሱ የሴት መኪና ነው» አለና ወደሚቀጥለው ደዋይ አለፈ። ሙስታንግ ጂቲ ባለ ስምንት ሲሊንደር (ቪ8) ኢንጅን ያለው የፎርድ መኪና ነው፤ ሚያታ ደግሞ የማዝዳ ትንሽ ክፍት መኪና ነው።

እኔም ከሞተር ሳይክል የወረድኩ ሰው ነኝ። የሰው 15,000 ዶላር በአንድ ትንፋሽ ገደል ሲገባ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ከመጨረሻው ልጀምር። «የሴት መኪና» ማለት ምን ማለት ነው? በሞተር ሳይክል ተራራ የሚወጡ ሴቶች ሞልተዋል። ሴት የነዳችው ነገር ሁሉ ደካማ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ስለ ሴትም ስለ መኪናም አያውቅም። ማዝዳ ሚያታን እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ ላይ ለዓለም አሳየው። በ2016 አንድ ሚሊዮነኛው ከፋብሪካ ወጣ። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ክፍት መኪና በዚህ ብዛት ተሸጦ አያውቅም። በአሜሪካ አማተር ተወዳዳሪዎች ዘንድ ስፔክ ሚያታ የሚባል ራሱን የቻለ የውድድር ክፍል አለ። እዚያ መከላከያ ለመከላከያ ተጠጋግተው ኩርባ የሚገቡትን አይቶ «የሴት መኪና» የሚል ሰው ካለ ልየው። ይህ ለአንድ ጎልማሳ የሚሰጥ ምክር አይደለም። የሰፈር ወሬ ነው።

የፈረስ ጉልበቱ ጉዳይ ግን ብዙ ሰው የሚያምንበት ስለሆነ በቁጥር እንየው። መካከለኛ ሞተር ሳይክል እንውሰድ፤ ሱዙኪ ኤስቪ650 ይሁን። ክብደቱ ወደ 200 ኪሎ፣ ጉልበቱ ወደ 75 የፈረስ ጉልበት ነው። 80 ኪሎ ሰው ሲወጣበት 280 ኪሎ ሆነ። ለአንድ ቶን ሲሰላ ወደ 270 የፈረስ ጉልበት ይመጣል። አሁን ደግሞ በደዋዩ ገንዘብ የሚገኘውን የ2011 ወይም የ2012 ሙስታንግ ጂቲ ኮንቨርቲብል እንውሰድ። 412 የፈረስ ጉልበት አለው። ክብደቱ ግን ወደ 1,700 ኪሎ ነው። ያንኑ ሰውዬ አስቀምጡበትና አካፍሉት። ለአንድ ቶን 230 ገደማ ነው የሚደርሰው።

አያችሁ? ያ ሁሉ የተዘመረለት ቪ8 ከመካከለኛው 650 ሲሲ ሞተር ሳይክል ያንሳል። ደዋዩ ሲነዳ የኖረው ባለ 1,000 ሲሲ ስፖርት ከነበረ ደግሞ ወሬው ያበቃለታል። እንዲህ ያለው ሞተር ሳይክል 200 ኪሎ ሆኖ ወደ 200 የፈረስ ጉልበት አለው። ሙስታንጉ እሱን ልድረስብህ ቢል ከ1,200 በላይ የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል። ይህን በ15,000 ዶላር ቀርቶ በ100,000ም አታገኘውም። ሞተር ሳይክል የሰጠህን ወደፊት የመስፈንጠር ስሜት ከመኪና መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። አቅራቢው ለሰውዬው ያዘዘለት ይህንን ነው።

ታዲያ ከሞተር ሳይክል የወረደ ሰው የሚናፍቀው ምንድን ነው? ቅለቱን ነው። በቃ ይኸው ነው። ሰውነትህን ትንሽ ስታዘነብል አብሮህ የሚያዘነብል ነገር ላይ ቁጭ ማለት ነው። ፍሬን ስትነካ ወዲያው ይሰማል፤ ስትለቅ ወዲያው ይለቃል። አሁን የ2006ቱን ትውልድ ሚያታ ውሰድ። 1,120 ኪሎ አካባቢ ነው። ከሙስታንጉ ጋር ያለው ልዩነት ወደ ስድስት ኩንታል ይጠጋል። ስድስት ኩንታል ጤፍ ኋላ ወንበር ላይ ጭነህ ኩርባ ግባና ንገረኝ። ጎማው ይጮሃል፣ አፍንጫው ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ፍሬኑ ይግላል። ከዚያ ተነስተህ ሚያታው ውስጥ ስትገባ መሪው በሁለት ጣት ይታዘዝሃል። በ170 የፈረስ ጉልበት!

ክብደቱ ዝቅ ያለው በአጋጣሚ አይደለም። ነገሩ የተጀመረው በ1979 ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ለማዝዳው ኬኒቺ ያማሞቶ «የእንግሊዞቹን ዓይነት ቀላል ክፍት መኪና ለምን አትሠሩም» ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣው መኪና 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ክብደቱም አንድ ቶን አይሞላም ነበር። ኢንጂነሮቹ ማርሽ ሳጥኑን ከኋለኛው ዲፈረንሻል ጋር በአንድ ረጅም የአሉሚኒየም ፍሬም አሰሩት። ነዳጅ ስትረግጥ መሀል ላይ የሚተጣጠፍ ነገር ስለሌለ ምላሹ ወዲያው ወገብህ ላይ ይሰማሃል። መኪናው ሲታሰብም ጣሪያ የሌለው ሆኖ ነው የታሰበው። ሙስታንግ ግን በመጀመሪያ ባለ ጣሪያ መኪና ነው። ጣሪያውን ሲያነሱለት ሻካራ አስፋልት ላይ የፊት መስታወቱ ፍሬም ሲንቀጠቀጥ በዓይንህ ታየዋለህ።

ሌላው ደግሞ የት ልትነዳው ነው? ከዚህ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት የሚወጣ ሞተረኛ ሁሉ የሚያውቀው መንገድ ስካይላይን ድራይቭ ነው። ከፍሮንት ሮያል ተነስቶ በሸናንዶዋ ተራሮች ጫፍ ላይ 105 ማይል ይጠማዘዛል። የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል ነው። በ35 ማይል 412 የፈረስ ጉልበት ምን ይሠራል? ነዳጁን ገና ሳትረግጠው ገደቡን አልፈሃል። ቀኑን ሙሉ እግርህን ሰብስበህ ነው የምትውለው። ወደ ሀይዌይ ብትወጣም በቨርጂኒያ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም፤ በወንጀል ያስከስሳል፣ ሊያሳስርም ይችላል። አዲስ አባት ለሆነ ሰው ይህን መምከር ምን የሚሉት ወዳጅነት ነው?

በሚያታ ውስጥ 35 ማይል ሌላ ነገር ነው። መቀመጫው መሬት ይነካል ማለት ይቻላል። ክንድህ በሩ ላይ ያርፋል፤ እጅህን ብትዘረጋ አስፋልቱ ቅርብ ነው። ሜሪስ ሮክ የሚባለው ከዓለት የተፈለፈለ መተላለፊያ ጋ ስትደርስ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ታወርደዋለህ። የኢንጅኑ ድምፅ ከግድግዳው ተመልሶ ጆሮህ ውስጥ ይገባል። የዓለቱ ቅዝቃዜ ፊትህን ይመታሃል፣ የእርጥብ ድንጋዩ ሽታ ይመጣል። ደዋዩ ያጣው ይህ ነው። ይህን በፈረስ ጉልበት የሚለካ ሰው ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቶ አያውቅም።

«አውቶማቲክ» የሚለውማ ጨርሶ ይገርመኛል። ሞተረኛ ለዓመታት በግራ እጁ ፍሪሲዮን ሲይዝ፣ በግራ እግሩ ማርሽ ሲቀይር የኖረ ሰው ነው። ያን ሥራ ከእጁና ከእግሩ ነጥቀህ «ተዝናና» ትለዋለህ? የሚያታ ማርሽ አጭር ነው፤ ክንድህን ሳታንቀሳቅስ በእጅ አንጓህ ብቻ ትቀይራለህ። ሆንዳ ኤስ2000 የተባለውን ክፍት የስፖርት መኪናውን ከ1999 እስከ 2009 ሲሠራ አንድም ቀን አውቶማቲክ አላወጣለትም። ሞተር ሳይክል የሚሠራ ኩባንያ ስለሆነ ገዢው ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። በትራፊክ ይደክማል የሚል ይኖራል። ለሥራ ቀን ትራፊክ የቤተሰቡ መኪና አለ ተብሏል እኮ!

ከፕሮግራሙ በታች አንዳንዶች «ኮንቨርቲብል ያው ሞት ነው፣ ይልቅ ኤስዩቪ ግዛ» ብለው ጽፈዋል። የአሜሪካ የሀይዌይ ደህንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት በ2020 ባወጣው ጥናት አዳዲስ ኮንቨርቲብሎች ጣሪያ ካላቸው መሰሎቻቸው የበለጠ ገዳይ ሆነው አላገኛቸውም። ሞተር ሳይክል ላይ ግን በማይል ሲሰላ የመሞት ዕድል ከመኪና ተሳፋሪ ከ20 ጊዜ በላይ ነው። ሰውዬው ትልቁን አደጋ ትቶታል። ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግ ነው የሚፈለገው? አንድ ነገር አምናለሁ፤ በጣም ረጅም ሰው ከሆነ በቆዩት ሚያታዎች ውስጥ ጉልበቱ መሪው ሥር ይጣበቃል። ሳይቀመጥበት አይግዛ።

ሌሎችም አማራጮች አሉ። ኤስ2000 ለሞተረኛ ጆሮ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ኢንጅኑ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ድረስ ይጮሃል። ዋጋው ግን ሰማይ ወጥቷል፤ በ15,000 ዶላር አገኘሁ ካልክ ብዙ ጊዜ አደጋ የደረሰበት ነው። የቶዮታ ኤምአር2 ስፓይደር ኢንጅኑ ከወንበሩ ጀርባ ነው፣ አንድ ቶን አይሞላም፣ ደስ ይላል። ነገር ግን የቦርሳ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ኢንጅኑ አጠገብ ያሉት ትናንሽ ካታሊስቶችም (የጭስ ማጣሪያዎች) ሲሰባበሩ ፍርፋሪያቸው ተመልሶ ኢንጅኑን ይበላዋል። የፖርሽ ቦክስተር አነዳድ አይጠገብም። የቆዩት በርካሽ የሚሸጡት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንጅኑ ውስጥ ያለች አንዲት ኩሺኔታ ከተበላች ኢንጅኑ አብሮ ይሄዳል። ከ2009 ጀምሮ የወጡት ይህች ኩሺኔታ የለቻቸውም፤ ዋጋቸው ግን ከደዋዩ ኪስ በላይ ነው። የቢኤምደብልዩ ዜድ4 የመጀመሪያው ትውልድም የውሃ መውረጃው ሲደፈን ጣሪያውን የሚከፍተው ፓምፕ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። እንዲህ ቢባል ኖሮ ምክር ይባል ነበር።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ስማኝ። ከ2006 እስከ 2015 ከወጡት ውስጥ ማንዋልና ሸራ ጣሪያ ያለው ሚያታ ፈልግ። በገንዘብህ ጥሩ የሆነውን ታገኛለህ፣ ትርፍም ይኖርሃል። ስትሄድ ግን በቀለሙ አትማረክ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘህ ሂድ። ከወንበሩ ኋላ ሸራው ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ በግራም በቀኝም ቀስ ብለህ አፍስስ። ውሃው ከመኪናው ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት መንጠባጠብ አለበት። ካልወረደ መውረጃው በቅጠልና በአቧራ ተደፍኗል። ከወንበሩ ኋላ ያለውን ምንጣፍ በእጅህ ጫን በለው፤ እርጥብ ከሆነ ወይም ከሸተተ ብረቱ ከውስጥ እየተበላ ነው። ከዚያ ተንበርከክና ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን የበሩን ሥር ብረት በጣትህ ተጫነው። ክረምት እዚህ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው መጀመሪያ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቀለሙ እንደ ፊኛ ካበጠ ሻጩን አመስግነህ ሂድ። ኢንጅን ይጠገናል። የዛገ ቦዲ ግን ገንዘብህን ይዞብህ ነው የሚቀረው።

ጎማውን ደግሞ አንተ ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ። ሞተረኛ ጎማ ሳያይ አይሳፈርም። የቅዳሜና እሁድ መኪና ብዙ ስለማይነዳ ጎማው ጥርሱ አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ደርቋል። ጎኑ ላይ ከዶት (DOT) ፊደላት ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብብ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ከስድስት ዓመት ካለፈው አራቱንም ቀይራቸው። የሚያታ ጎማ ትንሽ ነው፤ ለሙስታንጉ ከምታወጣው በጣም ያነሰ ነው የምትከፍለው። ሻጩ «ገና አዲስ ነው» ካለህ ቁጥሩን አሳየውና ከዋጋው ላይ አስቀንሰው።