ወገኖቼ፣ የጤና በጀታችን የት እንደሚገባ ጠይቁ

ወገኖቼ፣ መድኃኒት የለም ሲባል እንጮኻለን። አልጋ የለም ሲባል እናለቅሳለን። ሐኪሙን እንቆጣለን፣ ነርሷን እንሳደባለን፣ ካርድ ክፍል ያለውን ልጅ እናመናጭቃለን። ገንዘቡ እነሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ምን ያህል እንደተሸራረፈ ግን ማናችንም አንጠይቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ከ20 እስከ 40 በመቶው እንደሚባክን ገምቷል። ሁሉም የቢሮ ብክነት አይደለም፤ በውድ የተገዛ መድኃኒትም ሌብነትም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የአባል አገሮቹን የጤና ወጪ መርምሮ፣ እስከ አንድ አምስተኛው የተሻለ ቦታ ሊውል ይችል እንደነበር ጻፈ። እነዚያ አብዛኞቹ ሀብታም አገሮች ናቸው። የሚባክን ትርፍ ገንዘብ የሌለው አገር እንዴት ይሁን?

ቢሮ ሁሉ ብክነት ነው እያልኩ አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛው፣ የመድኃኒት ክምችት የሚቆጣጠረው፣ ካርድ አውጪው ባይኖሩ ሐኪሙ ብቻውን የትም አይደርስም። እንዲያውም «ወጪ ቀንሱ» ሲባል ቶሎ የሚነካው የጥገና ባለሙያው ነው። ከዚያ ማሽኑ በአንዲት ትንሽ ዕቃ ጉድለት ተገትሮ ይከርማል። የስብሰባው በጀት ግን አይነካም።

እስቲ አንዲት አዋላጅ ነርስ ስትሠራ ልብ ብላችሁ እዩ። ሕፃኑን ተቀብላ ለእናቱ እንደሰጠች መዝገብ ፊት ትቀመጣለች። ያንኑ ስም፣ ያንኑ ክብደት፣ ያንኑ ሰዓት ካርዱ ላይ ትጽፋለች፣ የማዋለጃ መዝገቡ ላይ ትደግመዋለች፣ ለወሩ ሪፖርት ትቆጥረዋለች። ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮጀክት ካለ ለእሱም የራሱ ቅጽ አለ። ኮምፒውተር መጣ፤ ወረቀቱ ግን አልቀረም፣ ሁለቱንም ትሞላለች። ቀጥሎ መዝገቡን የሚያጣራ ቡድን በመኪና፣ በአበል ይመጣል። ቡድኑ ስለ ጉብኝቱ ሪፖርት ይጽፋል። ሪፖርቱን የሚገመግም ስብሰባ ይጠራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ምጥ የያዛት ሌላ ሴት ኮሪደር ላይ ተራ ትጠብቃለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲልማ ይብሳል። ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፣ የከርሞውም ይቀነሳል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ደህና ወንበር ይቀየራል፣ ባነር ይታተማል፣ አዳራሽ ይከራያል። ጓንት ያለቀበት ክፍል እዚያው ጎረቤት ነው። ለምን ለጓንቱ አልዋለም ስትሉ «የሒሳብ መደቡ ሌላ ነው» ትባላላችሁ። መደቡን የሠራው ሰው ነው፤ ሰው ሊያስተካክለው ይችላል።

ታዲያ ጥፋቱ የሹሞቹ ብቻ ነው? አይደለም። «ምን አገባህ፣ የመንግሥት ገንዘብ ነው» የምንባባለው እኛው ነን። ግብሩ የማን ነው? መዋጮውስ? ሥልጠና ስንጠራ ከርዕሱ በፊት አበሉን እናጣራለን። ፈርመው ውልቅ የሚሉም ከመካከላችን አሉ። ዘመዳችን ሲሾም «መኪና አልሰጡህም እንዴ?» ብለን እንጠይቃለን፤ በታክሲ ሲሄድ ካየነው እንንቀዋለን። ይሄን ተዉ። ነውር ነው!

ለሕንፃ ምረቃ ነቅለን እንወጣለን። የኦዲት ሪፖርት ሲወጣ ግን አንድ ሰሞን አውርተን እንረሳዋለን። የምትታከሙበት ተቋም ቦርድ ካለው፣ እናንተን ወክሎ የተቀመጠው ማን እንደሆነ እወቁ። ሂዱና ጠይቁት። ዘንድሮ ለነዳጅና ለአበል ስንት ወጣ? ለመድኃኒትስ? የቆመው ማሽን ለምን አልተጠገነም? ነርሶቹ አንድ ነገር ስንት ቦታ ይጽፋሉ? መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። «አይመለከታችሁም» ካሏችሁ፣ ጎረቤቶቻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።