ወይራው ለቃሚ አጥቶ መሬት ላይ ሲቀር

ሰሞኑን ያ የድሮ ዜና ተመልሶ በቴሌግራም እየዞረ ነው፣ "የግሪክ ደሴት ሰው አጥታ መጥታችሁ ኑሩልኝ ብላ በወር 500 ዩሮ ትከፍላለች" የሚለው። የአክስቴ ልጅ ከጅማ ልካልኝ "አንቺ እዛው አይደለሽ እንዴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ። ነገሩ ውሸት አይደለም። አንቲኪቲራ የምትባል ከቀርጤስ ሰሜን ምዕራብ ያለች ሚጢጢ ደሴት ናት፣ በፈረንጆቹ 2019 ቤተክርስቲያንና ማዘጋጃ ቤት ተባብረው ለጥቂት ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ቤትና ለ3 ዓመት በወር 500 ዩሮ እንሰጣለን ብለው ነበር። ጥቂት ነው ያልኩት፣ በእጅ ጣት የሚቆጠር። በኛ ሶሻል ሚዲያ ላይ ሲደርስ ግን ሀገሪቱ በሙሉ በሯን ከፍታ የምትጣራ አስመሰሉት።

እኔን ይሄ ዜና በመጣ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የግሪክ የገጠር መንደር ሰው የላትም ይባላል፣ ልክ ነው የላትም። ግን እኮ እዛው አጠገቧ ስራ የሚለምን፣ በየዓመቱ ወይራዋን የሚለቅምላት፣ አሮጊቶቿን አጥቦ የሚያበላላት ሰው አለ፣ ወረቀት ስለሌለው ብቻ ተደብቆ ነው የሚኖረው። ይሄን ዜና አንብቤ አይደለም የምለው፣ አራት የወይራ ወቅት እዛ ዛፍ ስር አሳልፌያለሁ።

አቴንስ ስመጣ እንደ ብዙዎቹ የኛ ሴቶች ኤሶቴሪኪ ሆኜ ነው የጀመርኩት፣ እዛው ቤታቸው እያደሩ አዛውንት ማስታመም ማለት ነው። የያዝኳቸው እናት ያኔ 81 ዓመታቸው ነበር፣ ያያ ነው የምላቸው፣ በነሱ አያቴ እንደማለት። አንድ ልጃቸው ሜልበርን ነው ያለው። ያያን ጥቅምት ሲገባ አቴንስ አይይዛቸውም፣ "ወይራዬ" ካሉ በቃ አለቀ፣ ሻንጣውን ራሳቸው ከቁም ሳጥን ላይ ያወርዳሉ። ከፒሬየስ ማታ መርከብ ተሳፍረን ጠዋት ሌስቦስ እንወርዳለን፣ ሐዋርያት ሥራ ላይ ጳውሎስ በመርከብ ሲያልፍ የተጠቀሰችው ሚጢሊኒ ያለችባት ደሴት ናት፣ የሀገሬው ሰው ዛሬም ደሴቷን በሙሉ በዛች ከተማ ስም ነው የሚጠራት። ከዛ ወደ ደቡብ ኡዞ በሚሉት አረቄያቸውና በሳሙና የምትታወቅ ፕሎማሪ የምትባል የባህር ዳር ከተማ አለች፣ ከሷ በላይ መኪናው እየተጠማዘዘ ተራራውን ሲወጣ የያያ መንደር ትመጣለች። ስሟን ልተወው፣ የቀሩት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ እሷን በስም መጥራት እነሱን በስም መጥራት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቤቶቹን ቆጠርኳቸው፣ 22 ናቸው፣ ማታ ጭስ የሚወጣባቸው ግን 5። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ብዙ ዓመቱ ነው፣ መስኮቱ በሳንቃ ተመቷል። ከቤቶቹ በላይም በታችም ወይራ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ሌስቦስ ላይ ወደ 11 ሚሊዮን የወይራ ዛፍ አለ ይባላል፣ የደሴቷ ነዋሪ ደግሞ በ2021ዱ ቆጠራ 83 ሺህ ገደማ ነው። አካፍሉት እስቲ፣ ለአንድ ሰው ከ130 ዛፍ በላይ ይደርሰዋል፣ ጨቅላውንም አልጋ ላይ የዋለውንም ቆጥረን። በ1850 ከባድ ውርጭ ወርዶ የደሴቷን ወይራ ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም ነበር፣ ያኔ የነበረው ሰው ግን ከስሩ ያቆጠቆጠውን እየተንከባከበ የሞተውን እየተካ እንደገና አቆመው። ወይራ እንደዛ ነው፣ ግንዱ ቢሞት ስሩ አይሞትም፣ ሰው ካለው።

ተራራው ቀጥ ያለ ስለሆነ ዛፎቹ የቆሙት በእርከን ላይ ነው፣ እነሱ ሴትያ ይሉታል፣ ያለ ሲሚንቶ ያለ ጭቃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ። ኮንሶን ያየ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ያው ነው፣ ካብ ነው። የኮንሶ በፈረንጆቹ 2011 ዩኔስኮ ላይ ተመዘገበ፣ የግሪኮቹም ድንጋይ የመካብ ሙያ ከሌሎች የአውሮፓ ሀገሮች ጋር ሆኖ በ2018 ተመዝግቧል። መመዝገቡ ጥሩ ነው፣ ግን ካብ በየክረምቱ ዝናብ አንድ ቦታ ይናዳል፣ የተናደውን ደግሞ በበጋ መልሶ የሚክብ ሰው ከሌለ በሚቀጥለው ዝናብ ከሱ በታች ያለውን ይዞ ይወርዳል፣ አፈሩም ዛፉም አብሮ ይሄዳል። የተተወ እርከን ላይ እሾህ ይበቅላል፣ እሾሁ በሐምሌ ይደርቃል፣ ከዛ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። በ2022 ሐምሌ ቫቴራ የምትባለው የባህር ዳር መንደር በሰደድ እሳት ምክንያት ሰው በሙሉ እንዲወጣ የተደረገው እኮ እዛው ደቡብ ሌስቦስ ላይ ነው።

እኛ ሀገር ወይራ ማለት የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ነው፣ የዱር ወይራ ነው እንጂ ዘይት አይሰጥም፣ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ የማይቆረጠው ዛፍ። ይሄን ለያያ ስነግራቸው ደነገጡ፣ "ወይራ ታነዳላችሁ?" አሉኝ። ከዛ ዝም ብለው ተነሱና ከቅዱሳኑ ምስል ኋላ የደረቀ ቅጠል አውጥተው ትንሿ ማጨሻ ላይ ፍም አድርገው ጨመሩበት፣ ለሆሳዕና የተባረከ የወይራ ቅጠል ነው፣ የሰው ዓይን ሲያርፍብን እናጥንበታለን አሉኝ። የእናቴ ጓዳ ነው የሸተተኝ። ከዛች ቀን በኋላ "ኮሪ ሙ" ነው የሚሉኝ፣ ልጄ።

ለቀማውን ልንገራችሁ፣ የመንደሯ ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ። ዛፉ ስር መረብ ይነጠፋል፣ ቦታው ቁልቁል ስለሆነ የመረቡ የታች ጠርዝ በድንጋይና በእንጨት ከፍ መደረግ አለበት አለዚያ ፍሬው ተንከባሎ ጎረቤት እርከን ላይ ነው የሚቆመው። ከዛ በረጅም ዱላ ይመታል። አመታቱ ሙያ አለው፣ እኔ መጀመሪያ እንደ ብርቱካን ዝም ብዬ ስመታ ያያ ዱላውን ከእጄ ነጠቁኝ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው ቅርንጫፉን ተከትለሽ፣ ዘንድሮ ያደገችውን ቀንበጥ ከሰበርሽ የከርሞውን ፍሬ ነው የምትሰብሪው አሉኝ፣ ወይራ ባለፈው ዓመት ቀንበጥ ላይ ነዋ የሚያፈራው። የወደቀው ከቅጠሉ ይለቀማል፣ በጆንያ ይሞላል፣ መኪና የማይገባበት እርከን ላይ በበቅሎ ይወርዳል። ቶሎ መጭመቂያው ካልደረሰ ይሞቅና አሲዱ ይጨምራል፣ አንደኛ ደረጃ የሚባለው ዘይት አሲዱ ከ0.8 በመቶ ማለፍ የለበትም። አንድ ሊትር ለማውጣት 5 ኪሎ ገደማ ፍሬ ይፈልጋል። 50 ኪሎ ጆንያ ሞልተህ ወገብህ ተቆርጦ 10 ሊትር ማለት ነው፣ ከዛም ላይ መጭመቂያው ድርሻውን ያነሳል።

ስፔን ሜዳ ላይ በመስመር የተተከለ ወይራ አለ፣ ማሽን ከላይ እየጋለበ ይለቅመዋል። የያያ እርከን ላይ ማሽን አይወጣም፣ የሚወጣው ሰውና በቅሎ ነው። ዋጋው ግን አንድ ገበያ ላይ ነው የሚወሰነው። በ2024 መጀመሪያ የስፔን ድርቅ ዋጋውን ሰቅሎት ገበሬው ለኪሎ 9 ዩሮ ድረስ ሲያገኝ ያው ክረምቱ ሞቆ የግሪክ ምርት ራሱ በግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር፣ ዛፉ ሲሸከም ደግሞ ዋጋው ተመልሶ ወረደ። ስለዚህ ተራራ ላይ ያለ ገበሬ የሚያዋጣው ለቃሚ ሲያገኝ ብቻ ነው፣ ለቃሚ በጊዜው ካላገኘ ዝንቧ ትቀድመዋለች፣ ዳኮስ ይሏታል፣ ፍሬው ውስጥ እንቁላሏን ጥላ ታበላሸዋለች፣ የቀረው መሬት ላይ ይረግፋል።

እና ለቃሚዎቹ እነማን ነበሩ? አንድ አልባኒያዊ፣ በ90ዎቹ በእግሩ ድንበር አቋርጦ የመጣ፣ አሁን ጉልበቱን የሚያመው፣ ልጆቹ ጀርመን የገቡ። እኔ። ያያ ራሳቸው በወንበር ተቀምጠው ቅጠል እየለዩ። እና ሁለት ልጆች፣ አንዱ ከፓኪስታን አንዱ ከግብፅ፣ ሁለቱም ወረቀት የሌላቸው። ግብፃዊው ወንዝ ዳር ያደገ ገበሬ ነበር፣ ካቡ የተናደበትን ሲያይ ማንም ሳያዘው ከምሳ በኋላ ይክበው ነበር፣ ያያ ከመስኮት እያዩ ያለቅሱ ነበር፣ ባላቸው ከሞቱ ያንን ካብ የነካው ሰው የለም።

ሶስተኛው ዓመት ላይ አንድ ከሰዓት ስልክ ተደወለ፣ ታች መንገዱ ላይ ፖሊስ ቆሟል ተባለ። ልጆቹ ዱላውን ጥለው በተራራው ጠፉ። መረቡ ላይ የስድስት ዛፍ ፍሬ ተዘርግቶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ። እኔና አልባኒያዊው የቻልነውን አነሳን፣ ያያም ከልክዬአቸው እምቢ ብለው ተንበርክከው በእጃቸው እየዛቁ ወደ ጆንያ። ሌሊቱን ዘነበ። የቀረውን በሶስተኛው ቀን ስናወርደው መጭመቂያው ቤት ሰውየው አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ። ልጆቹ ተመልሰው አልመጡም፣ የሰሩበትን የሁለት ቀን ደሞዝ እንኳን የት እንደምንልክላቸው አላወቅንም፣ ያያ ፖስታ ውስጥ አድርገው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት።

አሁን የሀገሪቱን በር እዩልኝ። ከፈረንጆቹ 2013 ጀምሮ በ250 ሺህ ዩሮ ቤት የገዛ የውጭ ሰው ጎልደን ቪዛ የሚባል የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠው ነበር፣ ከ2024 ወዲህ አቴንስ፣ ተሰሎንቄና ነዋሪያቸው ከ3,100 በላይ በሆኑ ደሴቶች ላይ 800 ሺህ ሆኗል፣ ሌላው ጋ 400 ሺህ፣ ቅርስ የሆነ ቤት ለሚያድስ አሁንም 250 ሺህ ነው። ገዢው እዛ መኖርም አይጠበቅበትም። የፈረሰ ጣሪያ መታደሱን አልጠላም፣ የያያ መንደር ላይም አንድ የሰሜን አውሮፓ ባልና ሚስት ቤት ገዝተው በጣም አሳምረውታል፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን ሰኔ መጥተው መስከረም ይሄዳሉ፣ ህዳር ላይ መስኮታቸው ዝግ ነው፣ ህዳር ላይ ነው ደግሞ መንደሯ ሰው የምትፈልገው።

እዛችው ደሴት ላይ ሞሪያ የሚባል የስደተኞች ካምፕ ነበር። ከ3 ሺህ ላነሰ ሰው የተሰራ ካምፕ በ2020 መጀመሪያ ላይ 20 ሺህ ገደማ ሰው ገብቶበት ሞልቶ ወደ ወይራው ማሳ ፈሰሰ፣ ሰዉ ብርድ ሲገርፈው ዛፉን እየቆረጠ አነደደው፣ የሞሪያ መንደር ገበሬዎች የአያቶቻቸው ዛፍ ሲቆረጥ ቆመው አዩ። እነሱን መውቀስ አልችልም፣ ስደተኛውንም መውቀስ አልችልም፣ ህፃን ታቅፎ በታህሳስ ጭቃ ላይ ያደረ ሰው ምን ያድርግ? በመስከረም 2020 ካምፑ ተቃጠለ። እኔን የሚቆረቁረኝ ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ደሴት ላይ እዚህ እጅ አጥሮ ፍሬ ሲረግፍ እዛ በሺህ የሚቆጠር ጎረምሳ ሰልፍ ላይ ቆሞ ምግብ ሲጠብቅ መዋሉ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ጠፋ ማለት ነው?

መንግስት ችግሩን አያውቀውም አልልም፣ ያውቀዋል። በ2023 ታህሳስ ፓርላማው ቢያንስ 3 ዓመት ሀገሪቱ ውስጥ የኖረና ቀጣሪ ያገኘ ሰው የ3 ዓመት ፈቃድ እንዲያገኝ ወስኖ ነበር፣ 30 ሺህ ሰው ገደማ ይጠቀማል ተባለ፣ ያያም ጎረቤቶቻቸውም ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ደስ ብሏቸው ነበር። ግን ማመልከቻው በ2024 መጨረሻ ተዘጋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ከግብፅ ጋር በዓመት 5 ሺህ የወቅት ሰራተኛ ለማምጣት ተስማምተዋል፣ ጥሩ ነው፣ እዛው ያለው ግብፃዊ ግን፣ ያ ካብ የካበልን ልጅ፣ በዛ አይታቀፍም። በ2025 መስከረም ደግሞ ጭራሽ ጥገኝነቱ ውድቅ ሆኖበት ያልወጣን ሰው የሚያስር ህግ ወጣ፣ 7 ዓመት የኖረ ሰው ፈቃድ የሚጠይቅበትም መንገድ አብሮ ተዘጋ። የ2023ቱ በር በየወቅቱ ይከፈት፣ ገበሬው "ይሄ ሰው ሶስት ዓመት ሰርቶልኛል" ብሎ ሲመሰክርለት ይበቃ፣ እኔ የምለው ይሄንን ነው። አሮጊት የምታስታምመዋንም ጨምሩ፣ የኔን ወረቀት ለማደስ ስንት ወር ተመላለስኩ፣ ያለ ወረቀት መርከብ ላይ ስወጣ ልቤ እንዴት ይመታ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ያያን የመሰሉ አዛውንት መንደራቸው ላይ መቆየት የቻሉት እኮ የውጭ ሴት ስላለች ነው፣ አልባኒያዊት፣ ጆርጂያዊት፣ ቡልጋሪያዊት፣ ሀበሻ።

አሁን ሌላ ቤት ነው የምሰራው፣ ያያ ግን በየሳምንቱ ይደውላሉ። ባለፈው እሁድ አልባኒያዊው ጉልበቱን ሊታከም አቴንስ እንደገባ ነገሩኝ። መረቡን አይጥ እንዳይበላው ከጣሪያው እንጨት ላይ አሰቅለውታል፣ ጥሩ መረብ ነው ገና 10 ዓመት ያገለግላል አሉኝ። ከዛ ትንሽ ዝም አሉና "ኮሪ ሙ፣ ጥቅምት ላይ ማን ያወርደዋል?" አሉኝ።