ብረት የሚያውቅ ሰው ማን ይቅጠረው?

የእህቴ ልጅ አዳማ በማቴሪያል ኢንጂነሪንግ፣ ማለትም የብረትንና የሌሎች መሥሪያ ቁሶችን ጠባይ በሚያጠናው ሙያ፣ ተመርቋል። ባለፈው ክረምት ደሴ ሳለሁ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ክፍት ቦታ አወጣ ተባለና አብሬው ወረድኩ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ዲግሪውን ገለጥ አድርጋ አየችና «የኔ ወንድም፣ ሜካኒካል ነው የሚለው» ብላ መለሰችለት። አልተከራከረም፣ ለምዶታል። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

የምኖረው ኦሃዮ ነው። እዚህ ዴቪስ ቤሲ የሚባል የኑክሌር ጣቢያ አለ። በአውሮፓውያን 2002 የሪአክተሩ፣ ማለትም የኑክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚሰጥበት ትልቅ የብረት ጋን፣ ክዳን ላይ ጉድጓድ ተገኘ። በስንጥቅ የሾለከ ቦሪክ አሲድ ያለበት ውሃ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚወፍረውን ብረት በልቶታል። የተረፈው ከውስጥ የተለበጠው፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የማይዝግ ብረት ብቻ ነበር። ጣቢያው ሁለት ዓመት ገደማ ቆመ።

እንዲህ ያለውን አደጋ ቀድሞ የሚያየው የብረት ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው። ኑክሌር ሲባል ፊዚክስ ብቻ ለሚመስለን ይህን ደግሜ እናገራለሁ። ጀማሪው ብየዳ በአልትራሳውንድ፣ ማለትም ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፣ ይፈትሻል፣ ፈተና እየወሰደ በደረጃ ያድጋል። ከዚያ ዝገትና ስንጥቅ ወደማጥናት ይሄዳል፣ ወይም ነዳጁ የሚታሸግበትን፣ ዚርኮኒየም ከሚባል ብረት የተሠራ ቱቦ ይዞ ይቀራል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሪአክተሩ ሥራ ሲጀምር ጋኑ ከተሠራበት ዓይነት ብረት የተቆረጡ፣ ጣት የሚያካክሉ ቁራጮች ውስጡ ይቀመጣሉ። በዓመታት ልዩነት እየወጡ በሚወዛወዝ መዶሻ ይሰበራሉ። ከነዳጁ የሚወጣ ኒውትሮን የሚባል ደቂቅ ቅንጣት ሲደበድበው የኖረ ብረት ተሰባሪ እየሆነ ይሄዳል፤ ለመስበር የፈጀው ኃይል ይለካል። አሜሪካ ለ40 ዓመት የፈቀደችውን ጣቢያ 20 ዓመት ስትጨምርለት ከምታያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ይህን የሚሠራ ሰው እዚህ ይፈለጋል፣ ይከበራል።

እኛም በመስከረም 2018 ከሩሲያ ጋር የኑክሌር ጣቢያ ለመገንባት የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርመናል። ደስ ብሎኛል። ግን ያን ጊዜ ብየዳውን ማን ይፈትሽልናል? እንዲህ ያለ ባለሙያ በአንድ ሌሊት አይበቅልም።

የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች እኮ የእንፋሎት ቦይለር አላቸው። ቧንቧ ከውስጥ እየሳሳ ማንም ሳያውቅ ይፈነዳል። ሥራ ይቆማል፣ በያጅ ይጠራል፣ ይለጠፋል፤ ደግሞ በሌላ በኩል ይፈነዳል። ውፍረቱን የሚለካው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ ቦይለር ሥር ሁለት ሦስት ዓመት ቢሠራ ለኑክሌሩ ሙያ ሀ ሁ ቆጠረ ማለት ነው።

አሁን ባጃጅ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ እያወጣ ነው። ሰው ሁሉ «አብሽር» ይለዋል። አብሽር ማለት ጥሩ ነው፣ ግን አይቀጥርም። አሠሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ ላይ «ወይም ማቴሪያል» ብትጨምሩ ምን ይጎድልባችኋል?