ጋሼ ሎጂክ ይኑሩልን

የህንድ ፊልም ስናይ ከጎናችን ተቀምጠው «ይሄማ ውሸት ነው!» የሚሉን ሰዎች ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? እኛ እንደሆንን «አክተር አይሞትም» እያልን ያደግን የዋሆች ነን። አሚታብ ባቻን ኮፍያውን እንዳደረገ ከግዙፍ የፋሲካ እንቁላል ውስጥ ብቅ ሲል፣ ዜና መስሎን አፋችንን ከፍተን እንቀር ነበር። ደግነቱ በየቤቱ አንድ ጋሼ ሎጂክ አሉልን። ዕድሜ ይስጥልን።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን «አማር አክባር አንቶኒ»ን እንውሰድ። አባት ሦስት ልጆቹን ቦምቤይ ውስጥ በአንድ መናፈሻ፣ ከጋንዲ ሐውልት ሥር ትቷቸው ይሄዳል። ቀኑ የህንድ የነፃነት በዓል ነው። ሲመለስ የሉም። አንዱን ሂንዱ ፖሊስ፣ አንዱን ሙስሊም ልብስ ሰፊ፣ አንዱን የካቶሊክ ቄስ ወስደው ያሳድጓቸዋል። እናትየዋ ደግሞ የዛፍ ቅርንጫፍ ወድቆባት ዓይኗ ይጠፋል። እኛ ሶፍት ፍለጋ ላይ ነን። ጋሼ ሎጂክ ሥራ ላይ ናቸው። «ቅርንጫፍ እንዴት ያሳውራል?» የዓይን ሐኪም አይደሉም። ትሕትናቸው ነው እንጂ መሆኑማ አያቅታቸውም።

ከዚያ ያቺ የደም ትዕይንት ትመጣለች። ልጆቹ አድገዋል፤ አይተዋወቁም። ሆስፒታል ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው ለአንዲት ዓይነ ስውር ሴት ደም ይሰጣሉ። ሴትዮዋ እናታቸው ናት። የሦስቱም ደም በቱቦ ሽቅብ ወጥቶ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ይቀላቀላል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ እናት። አክስታችን እንባዋን እየጠረገች ነው። ጋሼ ሎጂክ ከሶፋቸው ብድግ አሉ። «ደም ሽቅብ ይፈሳል? የስበት ሕግ የት ሄደ?» ልክ ናቸው። ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ ውኃ ቁልቁል እንደሚፈስ ማን ነግሮት!

እኒሁ ሰው ጠዋት «ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ስኳርንም ደም ግፊትንም ከሥሩ ይነቅላል» የሚል መልእክት በቴሌግራም ለዘመድ አዝማድ ሁሉ አዳርሰዋል። ሎጂክም እኮ ዕረፍት ያስፈልጋታል።

ዴሳይ በዚያው ዓመት አራት ፊልም ነው ያወጣው። በአራቱም ዘመድ ከዘመድ ይነጣጠላል፤ አራቱንም ሕዝብ ጎርፎ አያቸው። «ዳራም ቪር» በሚለው ውስጥ ሕፃኑን ከሞት የሚያተርፈው ጭልፊት ነው። እሱን ለጋሼ አናሳያቸውም። ጭልፊቱን ይከሱታል።

«ለመሆኑ ቤተሰብ እንዲህ ይጠፋፋል?» ሲሉ ግን ትንሽ ከበደኝ። እ.ኤ.አ. በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። በዚያ ግርግር ስንቱ ልጅ ከእናቱ እጅ አምልጦ ቀረ። መጠፋፋቱንማ ተመልካቹ ከቤቱ ያውቀዋል። ትኬት የቆረጠው መገናኘቱን ለማየት ነው። ይህንን ለጋሼ መንገር አሰብኩና ተውኩት። ሐሳባቸው ይበተናል።

መጨረሻው ደረሰ። ወንድማማቾቹ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ሙዚቀኛ መስለው ወንበዴዎቹ ቤት ይገባሉ። የገዛ ስማቸውን እየጠሩ ይዘፍናሉ፤ የሚጠረጥር የለም። ጋሼ ሎጂክ በሳቅ ሞቱ። «እነዚህ ሰዎች ጆሮ የላቸውም?» ሦስት ሰዓት ገደማ የፈጀውን ፊልም፣ ለመሽናት እንኳ ሳይነሱ፣ አንዲት ውሸት ሳታመልጣቸው ጨረሱት።

ከዚያ ሪሞቱን ወሰዱና የሆሊውድ ፊልም ከፈቱልን። አንድ መላጣ ሰውዬ በመኪና ከፎቅ ወደ ፎቅ ይዘላል። መስታወቱ ተፈረካክሷል፤ ሰውዬው መነጽሩ እንኳ አልወለቀም። ሁላችንም ዞር ብለን ጋሼን አየናቸው።

«ቴክኖሎጂ!» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።